ነጋሪት ጋዜጣ ፍለጋ ደሴ ድረስ

ሐሙስ

ከቦሌ ተነስቶ ኮምቦልቻ ለማረፍ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በመኪና ብመጣ ጣርማ በርን አልፌ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቴን አውልቄ፣ ከሚሴ ላይ ሻይ ጠጥቼ ነበር የምደርሰው። መንገዱን እወደዋለሁ። የዚህ ጉዞ ጉዳይ ግን ወረቀት ስለሆነ ጊዜዬን ለወረቀቱ አተረፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ላይ ረጅም ዘመን በጥብቅና የሠሩ አንድ አባት አርፈዋል። ልጆቻቸው ቤቱን ሊያከራዩት ነው። አንድ ክፍል ሙሉ የሕግ መጽሐፍና ነጋሪት ጋዜጣ አለ። «ለቆራሌው ከመስጠታችን በፊት የሚፈልግ ሰው ካለ ይየው» ማለታቸውን በዘመድ በኩል ሰማሁ። ይህን ሰምቶ አዲስ አበባ መቀመጥ አይቻልም። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ የድሮ ብር ይሰበስባል። እኔ የምሰበስበው ሕግ ነው። የተሻሩ አዋጆች፣ የመጀመሪያ እትም የሕግ መጻሕፍት፣ የጣት አሻራ ያረፈባቸው ውሎችና ኑዛዜዎች።

ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን መውጣት ስትጀምሩ ግን አየሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ። ከተማው ስንገባ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። ለሰው ደስ ይላል፤ ለወረቀት ግን ጉምና እርጥበት ጠላት ነው። ከመምጣቴ በፊት በስልክ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» ብዬ ነው። «አብሽር፣ ደረቅ ነው» ተባልኩ።

ማታ ፒያሳ ላይ ሻይ ጠጥቼ ቶሎ ተኛሁ።

አርብ

በሩን የከፈቱልኝ ትልቋ ልጃቸው ናቸው። እትዬ አልኳቸው፤ እሳቸውም «ወንድሜ ግባ» አሉኝ። ደሴ ላይ ቡና ሳይጠጣ ሥራ አይጀመርም። ቡናው እስኪፈላ ስለ አባታቸው አወሩኝ። ማታ ማታ በፋኖስ ያነቡ ነበር። ልጆቹ ጋዜጣውን እንዳይነኩ ይከለክሉ ነበር። ጦርነቱ በ2014 ደሴ ሲገባ እናትየው መጀመሪያ ያሸሹት የባላቸውን ወረቀት ነው። በዚያን ሰሞን ወሎ ዩኒቨርሲቲና የከተማው ሆስፒታል እንኳ ብዙ ንብረት ተዘርፎባቸዋል። የአንድ ጠበቃ ወረቀት መትረፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ግድግዳ መደርደሪያ ነው። ነጋሪት ጋዜጣው በዓመት በዓመቱ ተደርድሮ፣ በካርቶን ተሸፍኖ፣ በሲባጎ ታስሯል። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዓመቱ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ብዙ ቦታ አላየሁም።

ነጋሪት ጋዜጣን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው መጀመሪያ የታተመው። አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በጎኑ። ከዚያ ጀምሮ አዋጅ የሚወጣው በእሱ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የታተመ ሕግ ነበረን። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና የዚያው ዓመት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አሉ። በየጊዜው እየወጣ በየአውራጃው የሚደርስ ሕግ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ነው የመጣው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ስብስብ ካገኛችሁ የአገሪቱን ውሳኔዎች በተራ ተራቸው ታነባላችሁ። ግብሩን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ጦሩን፣ መሬቱን።

መጀመሪያ የወረደው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው፤ ሕጉ እስከ 1997 ዓ.ም. አገልግሏል። ቀጥሎ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። የፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ሥራ ነው፤ 3,367 አንቀጽ አለው፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው የጸናው። በኋላ በተደጋጋሚ ታትሟል። የመጀመሪያውን እትም የምትለዩት ራሱ ነጋሪት ጋዜጣ በመሆኑ ነው። ግንባሩ ላይ 19ኛ ዓመት ቁጥር 2 ይላል፤ የአዋጁ ቁጥር 165 ነው። ይህኛው ያ ነበር።

ከፈትኩት። ኅዳጉ በእርሳስ ተሞልቷል።

አንቀጽ 881 ላይ ቆየሁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት የሚለው ነው። ሰውዬው ከጎኑ «አራቱም በአንድ ላይ!» ብለው ሁለቴ አስምረውበታል። ከዚህች ማስታወሻ ጀርባ ስንት የፈረሰ ኑዛዜ እንዳለ መገመት አያቅትም። አንቀጽ 2472 ላይ፣ ከአምስት መቶ ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ አለዚያም ተበዳሪው በፍርድ ቤት ካላመነ ወይም ካልማለ አይረጋገጥም በሚለው ላይ፣ «ለገበያ ሰው ንገር» ብለው ጽፈዋል። ጠበቃ ብቻ አልነበሩም ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ያስተምሩ ነበር።

ከሁሉ የያዘኝ ግን መጨረሻ አካባቢ ያለው ነው። አንቀጽ 3347፣ በሕጉ በተሸፈነ ጉዳይ ላይ ቀድሞ የነበረውን ሕግና ልማድ ሁሉ ይሽራል። በብዙ መቶ ዓመት የቆየ ልማድ በአንድ አንቀጽ። እሳቸው ከጎኑ አንዲት ቃል ብቻ አስፍረዋል። «አበጋርስ?»

አበጋር በወሎ ደም የሚያደርቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሰማዋል። አንቀጹ ከጸና ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አበጋር አሁንም አለ። ይህን ጥያቄ በሕግ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ በረጅም ምዕራፍ ታገኙት ይሆናል። እዚህ በአንዲት ቃል ተቀምጧል፤ የጻፈው ደግሞ በየቀኑ ሁለቱን ዳኝነት የሚያይ ሰው ነው።

ብዙ ሰብሳቢ ንጹሕ መጽሐፍ ይፈልጋል። ያልተጻፈበት፣ ያልታጠፈ። እኔ በዚህ አልስማማም። ንጹሑ ቅጂ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ። ሕግ መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን የተሠራበት መጽሐፍ ነው፤ የት ከተማ፣ በማን እጅ እንደነበረ ከታወቀ ደግሞ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ከቦታው ስሙንና ታሪኩን ሳይዙ መጽሐፉን ብቻ ማንሳት ግማሹን ጥሎ እንደመሄድ ነው።

ከሰዓት ወደ ደርግ ዘመን ገባን። 1967 የተጻፈበት ጥራዝ ከሁሉም ይበልጥ አልቋል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31፣ የካቲት 25 ቀን የታወጀው፣ እዚያ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው ቁጥር 47፣ የሐምሌው፣ እዚያው ነው። ቁጥር 47 ጠርዙ ተቆራርሶ በጣት ወዝ ጠቁሯል። ያኔ ደሴ ውስጥ የሚከራይ ቤት የነበረው ሁሉ እሳቸው ጋ እየመጣ «የትኛው ቤቴ ይቀርልኛል?» ሲል ይታየኛል።

ሰዎች «የተሻረ ሕግ ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። መልሴ ይኸው ጥራዝ ነው። ዛሬም ወራሽ ከወራሽ ሲከራከር፣ ቤቱ በአዋጅ 47 ነው የተወሰደ ወይስ በቃል ትእዛዝ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በ1950ዎቹ የተጻፈ ውልና ኑዛዜ የሚመዘነው በተጻፈበት ጊዜ በነበረው ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 በፌደራል፣ በ1995 በአማራ ክልል ተለውጧል። ከዚያ በፊት የተደረገውን ነገር ለመረዳት ግን አሮጌውን መግለጥ ግድ ነው።

ሊመሽ ሲል እትዬ ከአልጋ ሥር የብረት ሳጥን ሳቡ። «ይኼንም ውሰደው» አሉኝ። ከፈትነው። የደንበኞች ፋይል ነው። የፍቺ ክስ፣ የርስት ክርክር፣ ኑዛዜ፣ የሰው ምስጢር።

«ይኼን አልወስድም፣ እትዬ።»

«እንዴ! ዋናው ይኼ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን የአባባ አልነበረም። የደንበኞቹ ነው።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «እሱም እንዲህ ነበር የሚለው» አሉ። ቁጭ ብለን ለየነው። ዋና ቅጂ የሆነው ውልና ኑዛዜ ለባለቤቶቹ ወይም ለልጆቻቸው ይመለሳል፤ ብዙዎቹን እትዬ በስም ያውቋቸዋል። ባለቤቱ ያልታወቀው ታሽጎ ይቀመጥና፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን በደብዳቤ ይጠይቃሉ። ተቋሙ በአዋጅ 179/1991 የተሰጠው ሥራ ይኸው ነው፤ ታሪካዊ ጥቅም ያለውን መዝገብ መሰብሰብና መጠበቅ። እኔ ደብዳቤውን አርቅቄ ሰጠኋቸው። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ጠንካራ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የመዝገብ ቤት ማኅተም ያለበት ፋይል፣ የሌላ ሰው ምስጢር ያለበት ፋይል፣ ቢሰጧችሁም አትግዙ።

የገዛሁት ሁለት ሁለት ቅጂ ካላቸው ውስጥ ነው። የወንጀለኛ መቅጫውን፣ የ1952ቱን የንግድ ሕግና የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት። የንግድ ሕጉ አብዛኛው ክፍል በ2013 በአዲስ ስለተተካ አሮጌው ከየቢሮው በፍጥነት እየተጣለ ነው፤ አሁን ያልያዘው ሰው በኋላ አያገኘውም። ባለ እርሳሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እዚያው ተውኩት። «ይኼን ለማንም እንዳትሸጡ» አልኳቸው። እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ቅጂውን ለልጃቸው ላክሁላት። የጥራዞቹን ዝርዝርም በአንድ ደብተር ጻፍንላቸው። ክፍሉ ይቆለፍ፣ የቀረው ቤት ይከራይ ተባለ። ይህን ሳይ ከገዛሁት ሁሉ በላይ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። አንዲት እናት የአባታቸውን የመሬት ግብር ደረሰኝ ላሚኔት ሊያስደርጉ ቆመዋል። የንጉሡ ዘመን ደረሰኝ ነው፤ ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። ሳላስበው «እማማ፣ ቆይ!» አልኩ።

ላሚኔት አሮጌ ወረቀት ይገድላል። ሙቀቱ ቀለሙን ይጎዳል። ፕላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ አይነሳም፤ ውስጡ የቀረ እርጥበት ካለም ወረቀቱን እዚያው ያበሰብሰዋል። ስኮችም እንደዚሁ ነው። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። የሚያስፈልገው ቀላል ነው። የዛገ ስፒልና የስቴፕለር ሽቦ ቀስ ብሎ ማውጣት። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃል ማድረግ። ካርቶን ውስጥ አስገብቶ ከወለልና ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። መጻፍ ካስፈለገ በእርሳስ ብቻ። ለዕለት ጉዳይ የሚያዘው ኮፒው ይሁን። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ልጅ ሥራ አስጣልኩት፤ ግን አልተቆጣም። ደረሰኙን በጥሩ ኮፒ አደረገላቸውና ኮፒውን ላሚኔት አደረገው። እማማ መርቀውን ሄዱ።

ከሰዓት በሸዋ በር በኩል አንድ ሼኽ ቤት ተወሰድኩ። ወሎ ውስጥ የድሮ ሕግ የምትፈልጉ ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣ ብቻ ይዞ መመለስ አይበቃም። እዚህ አገር ሸሪዓ በየደረሳው ቤት ለዘመናት ሲቀራ ኖሯል። እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ያሉ የእውቀት ቦታዎች የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ ሊቃውንት ያፈሩ ናቸው። ሼኹ ያሳዩኝ ሚንሃጅ የሚባለውን የኢማም ነወዊን የፊቅህ መጽሐፍ ነው። በእጅ የተገለበጠ፣ ኅዳጉ በጥቃቅን ማብራሪያ የተከበበ። የጋብቻ፣ የውርስ፣ የሽያጭ ሕግ በውስጡ አለ። ከጠበቃው መጽሐፍ ጋር ያለው ዝምድና ገረመኝ። የተማሪ እጅ ከዋናው ጽሑፍ ጎን ሲጠይቅ፣ ሲመልስ።

የኒካህ፣ የጋብቻ ውል፣ ወረቀቶችም ነበሩ። መንግሥት ለቃዲ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 62 በ1936 ዓ.ም. ዕውቅና ሰጥቷል፤ ይህ አዋጅ እኔም ቤት አለ። እዚህ ግን የአዋጁን ሌላ ወገን አየሁት፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠውን፣ ማኅተም ያለበትን፣ መህሩ፣ ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ፣ የተጻፈበትን። ሼኹ አይሸጡም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «ማንበብ ለሚፈልግ ቤቱ ክፍት ነው» አሉኝ። አንድ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ እንዲመጣ ፈቀዱ፤ ስልካቸውን ተቀበልኩ።

እሑድ

ወደ ሐይቅ ሄድኩ። ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። በስማቸው የሚታወቀው ወንጌል ለሕግ ታሪክም ትልቅ ነገር ነው። በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ የገዳሙ ንብረትና ስጦታ ተመዝግቧል። ድሮ ጉልት ሲሰጥ፣ መሬት ሲከለል፣ ቃል ኪዳን ሲገባ የሚጻፈው እንዲህ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ላይ ነበር። ማንም በቀላሉ የማይደፍረው መዝገብ ቤት ማለት ነው። የገዳሙ ብራናዎች በ1960ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ፎቶ ስለተነሱ ተመራማሪ ብራናውን ሳይነካ ማንበብ ይችላል።

አንድ መሪጌታ ፍትሐ ነገሥትን አወሩኝ። በግብጽ በኢብን አል-አሳል በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ 51 አንቀጽ ያለው። እስከ 22 ያለው የመንፈስ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሥጋ ሕግ ነው። መሪጌታው አንቀጹን በቃላቸው ይጠሩታል። ንባቡና ትርጓሜው አብሮ የታተመውን ቅጂ ለመግዛት የሚያስቸግር ነገር የለም። ብራናው ግን ሌላ ነው።

ይህን ያልኩት ማታ ደሴ ስመለስ አንድ ወጣት ሆቴል ድረስ ስለመጣ ነው። «የሕግ መጽሐፍ ትገዛለህ አሉኝ» ብሎ በስልኩ የብራና ፎቶ አሳየኝ። ድጉሱ ያማረ ነው። ማኅደሩ ጭምር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ተፍቆ የጠፋ ጽሑፍ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። የቅርስ አዋጁን፣ ቁጥር 209/1992ን፣ ነገርኩት። ቅርስ በግለሰብ እጅ ካለ መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። «እንዴ፣ አንተ አዲስ አበባ ነው የምትወስደው» አለኝ። ዛሬ አዲስ አበባ የደረሰ ነገ የት እንደሚደርስ እናውቃለን። ወደ መጣበት ደብር እንዲመልሰው ለመንኩት። ደብሩን ካልነገረኝም ለሀገረ ስብከቱ እንዲያስረክብ። ተክዞ ሄደ። መመለሱን እመኛለሁ። የፎቶውን ነገር በማግስቱ ለሚመለከተው ቢሮ ነገርኩ።

ሰኞ

ጠዋት ሰኞ ገበያ ዞርኩ። የቆራሌ ዕቃ ካለበት ወረቀት በኪሎ ይሸጣል። አብዛኛው የተማሪ ደብተርና ካርቶን ነው። ከመሃሉ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ሽፋን የሌለው፣ ወጣ። ሻጩ ለበርበሬ መጠቅለያ ያሰበው ነበር። ሕገ መንግሥት መሆኑን ነግሬው ነው የገዛሁት፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ አለ፤ ይገባዋል። ሌላም ካገኘ ስልኬን ሰጠሁት።

ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በረራው ከሰዓት ነው። በመሃል አንድ ጡረታ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ጋ ቀጠሮ ነበረኝ። የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነበሩ። የኅብረት ስምምነት መጽሐፍ አላቸው፤ ትንሽ፣ በርካሽ ወረቀት የታተመ። የሥራ ሰዓቱ፣ የወሊድ ፈቃዱ፣ የሳሙናውና የወተቱ ድርሻ ሳይቀር ተጽፏል። ከብዙ ትልልቅ ጥራዞች ይልቅ እንዲህ ያለውን እፈልጋለሁ። ነጋሪት ጋዜጣን አንድ ሰው ቢጥለው ሌላው ይኖረዋል። ይህ ግን ከጠፋ ጠፋ።

«አልሸጠውም፣ ልጄ» አሉ ገና ሳልጠይቅ። «ፎቶ ግን አንሳው።»

እያነሳሁ ሳለ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «አዋጅ 64/1968» ይላል፤ የደርግ ዘመን የሠራተኛ ሕግ ነው። «በየገጹ ይጠራዋል። ለስንት ዓመት ስንከራከርበት ኖርን። ራሱን አዋጁን ግን አይቼው አላውቅም።» ከዚያ በኋላ 42/1985 መጣ፣ ቀጥሎ 377/1996፣ አሁን 1156/2011። እሳቸው የሚፈልጉት ግን ያንን ነው። ወጣትነታቸው ያለቀበትን።

ቤት እንደገባሁ ከመደርደሪያዬ አውጥቼ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳሁትና በቴሌግራም ላክሁላቸው። በልጃቸው ስልክ መለሱልኝ። አንብበውታል። ከ64 በፊት የነበረውን፣ በንጉሡ ጊዜ በ1950ዎቹ የወጣውን ቁጥር 210ን ይፈልጋሉ፤ ምን ምን እንደተለወጠ ጎን ለጎን አድርገው ማየት አምሯቸዋል። እሱ እኔም ጋ የለም። በቤታችሁ ወይም በአባታችሁ ሳጥን ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዋናውን አትላኩ፤ ጥርት ያለ ፎቶ ይበቃናል።